በወር አበባና በማረጥ መካከል፦ የመሸጋገሪያው ዓመታት ምልክቶችና ሕክምናቸው ሲዳሰሱ

ሆርሞን መውሰድ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ስለ ማረጥ የሚነሳ ክርክር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ የምንነጋገረው ስለ የትኛዋ ሴት ነው? የወር አበባዋ ከቆመ አሥር ዓመት ያለፋት የ63 ዓመት ሴትና የወር አበባዋ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚመጣባት የ46 ዓመት ሴት በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ሁኔታ አይመሳሰልም። ሁለተኛዋ ያለችበትን ጊዜ ሐኪሞች ፔሪሜኖፖዝ ይሉታል፤ እዚህ የማረጥ መሸጋገሪያ እንለዋለን። ላለፉት ስድሳ ዓመታት ለዚህች ሴት የተሰጣት ተስፋም ሆነ ማስፈራሪያ በአብዛኛው የተቀዳው ካረጡ ሴቶች ላይ ከተሰበሰበ መረጃ ነው። ለብዙው ግራ መጋባት ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማሮው

«ሜኖፖዝ» የሚለውን ስም ለሕክምና መጻሕፍት ያበረከተው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ደ ጋርዳን ሲሆን ዘመኑም 1821 ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች ማረጥን ከነርቭ መታወክና ከአእምሮ ሕመም ጋር እያያዙ ብዙ ጻፉ፤ ስለ መንስኤው ግን በእጃቸው የነበረው ግምት ብቻ ነው። ነገሩ የተለወጠው አሜሪካውያኑ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ በ1923 የኦቫሪን ሆርሞን፣ ኢስትሮጅንን፣ በቤተ ሙከራ ካሳዩ በኋላ ነው። በ1942 ካረገዙ ባዝራዎች ሽንት የተጣራው ፕሪማሪን የተባለ የኢስትሮጅን ክኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ1966 ደግሞ የኒውዮርኩ የማህፀን ሐኪም ሮበርት ዊልሰን ማረጥ እንደ ስኳር ሕመም ያለ የእጥረት በሽታ ነው፣ ኢስትሮጅን የወሰደች ሴትም ሴትነቷ አይደበዝዝም የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ተነበበ፤ ክኒኑም ተሸጠ።

በ1975 ኢስትሮጅንን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች ባንድ ጊዜ ወጡ። ማህፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉ (ፕሮጄስቲን) አብሮ እንዲሰጥ የተወሰነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ይህ ሕግ ዛሬም አልተሻረም። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ገና የወር አበባ የምታይ ሴት የራሷ ቦታ አልነበራትም። የመጣላት ሁሉ ላረጡት የታሰበው ነው።

ድንበሩ የት ነው?

መሸጋገሪያውን በመለኪያ ለመወሰን ባለሙያዎች የተሰበሰቡት በ2001 ነው። ስትሮው የተባለ የደረጃ ሠንጠረዥ አወጡ፤ በ2011 አሻሻሉት። ዋናው መለኪያ የቀን መቁጠሪያ ነው። የተከታታይ ዑደቶች ርዝመት በ7 ቀንና ከዚያ በላይ መለያየቱ ከተደጋገመ የመሸጋገሪያው መጀመሪያ ነው። ደም ሳይታይ 60 ቀንና ከዚያ በላይ ካለፈ ሴትየዋ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ገብታለች፤ ይህኛው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው 12 ወር ሙሉ ያለ ደም ካለፈ በኋላ፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው።

የደም ምርመራ ያልተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። ኤፍኤስኤች የተባለው ሆርሞን በዚህ ሳምንት ሲለካ የማረጥን ያህል ከፍ ብሎ፣ ከወር በኋላ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2015 ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ሆኖ ምልክቱ ለታየባቸው ሴቶች ይህ ምርመራ አያስፈልግም ያለው ለዚህ ነው። ከ45 በታች፣ በተለይም ከ40 በታች ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ያለጊዜው የመጣ ማረጥ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ግድ ይላል።

ሠንጠረዡ ለኢትዮጵያውያን ሴቶች አንድ ሰፊ ክፍተት አለው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ የሦስት ወር መርፌ ነው፤ መርፌውም ሆነ ክንድ ላይ የሚቀበረው ደሙን ያዛባሉ ወይም ጨርሶ ያቆማሉ። የ47 ዓመት ሴት መርፌዋን እየተወጋች ስድስት ወር ደም ባታይ መድኃኒቱ ይሁን ዕድሜዋ በቀን መቁጠሪያ መለየት አይቻልም። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴትም እንዲሁ ናት።

ስለ ሆርሞኖቹ አካሄድ ያለው ክርክር ከዚህ ይጠልቃል። የቆየው አስተሳሰብ ኢስትሮጅን በበጋ እንደሚነጥፍ ምንጭ ቀስ በቀስ ይደርቃል የሚል ነበር። ካናዳዊቷ የሆርሞን ሐኪም ጄሪሊን ፕራየር በ1998 ባወጣችው ሰፊ ግምገማ ይህን ተቃወመች። በመሸጋገሪያው ዓመታት ኢስትሮጅን ከወጣትነት መጠኑ በላይ የሚዘልባቸው ወራት አሉ፤ ቀድሞ የሚያንሰው ፕሮጄስትሮን ነው፤ ምክንያቱም እንቁላል የማይለቀቅባቸው ዑደቶች ይበዛሉ። የጡት ሕመም፣ የበዛ ደም መፍሰስና ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ብስጭት በዚህ ዕድሜ መባባሳቸው ከእጥረት ይልቅ ከዚህ መዋዠቅ ጋር ይገጥማል። መዋዠቁን አሁን የሚክድ የለም። የሚያከራክረው ሕክምናውስ ምን ይሁን የሚለው ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በጣም የታወቀው ምልክት ድንገተኛው ሙቀት ነው። ደረት ላይ ይነሳና ወደ አንገትና ፊት ይወጣል፤ ከቆዳ ሥር ያሉ ደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ ላብ ይወርዳል። ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲያልፍ ብርድ ብርድ ይላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፍሪድማን ሰውነት ሳያልብና ሳይንቀጠቀጥ የሚችለውን የውስጥ ሙቀት ልዩነት ለካ። ሙቀቱ በማያስቸግራቸው ያረጡ ሴቶች ላይ ይህ ልዩነት 0.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነበር፤ በሚያስቸግራቸው ላይ ወደ ዜሮ ወርዶ ተገኘ። ሌላ ሰው ልብ የማይለው ትንሽ የሙቀት ጭማሪ እነሱን በላብ የሚያጠምቃቸው ለዚህ ነው። ተመራማሪዋ ናኦሚ ራንስ በበኩሏ ከ1990 ጀምሮ ባሳተመቻቸው ጥናቶች ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ኒውሮኪኒን ቢ የሚያመነጩ ነርቮች ከማረጥ በኋላ እንደሚያብጡ አሳየች። ኢስትሮጅን ሲያንስ ልጓማቸው ይላላል።

ይህ ግን ሁሉንም አያብራራም። የሁለት ሴቶች ሆርሞን እኩል ሆኖ አንዷ በሌሊት ሦስት ጊዜ አንሶላ ስትቀይር ሌላዋ ምንም አይሰማትም። ሙቀቱ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ኢስትሮጅን ገና ሳይወርድ ነው፤ ስለዚህ ሰውነትን የሚያውከው መጠኑ ሳይሆን መለዋወጡ ነው የሚሉ አሉ።

ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚለው ግን አሁን የተሻለ መልስ አለ። ቀድሞ ሴቶች ዓመት ሁለት ዓመት ታገሱ፣ ያልፋል ይባሉ ነበር። ስዋን የተባለው የአሜሪካ ጥናት ከ1996 ጀምሮ ከአምስት ማኅበረሰቦች የተውጣጡ ከ3,300 በላይ ሴቶችን ተከታትሎ በ2015 እንዳስታወቀው፣ ሙቀቱ አዘውትሮ የሚመጣባቸው ሴቶች መካከለኛ ቆይታቸው 7.4 ዓመት ነው። በመሸጋገሪያው መጀመሪያ ወይም ከዚያ በፊት የጀመራቸው ከ11.8 ዓመት በላይ ቆይቶባቸዋል። በጥቁር አሜሪካውያን ላይ 10.1 ዓመት ሲሆን በጃፓን ዝርያዎች ላይ ከአምስት ዓመት ያንሳል። የጥቁሮቹ ቆይታ መርዘም የደም ነው ወይስ የኑሮ ጫና? መልሱ አልጠራም። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ በኢትዮጵያውያን ላይ ማዋልም አይቻልም።

የማረጥ ያልሆነው የትኛው ነው?

በ45 እና በ55 ዓመት መካከል የሚመጣ ሕመም ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራ ይሰማል። ማስረጃው ግን ሁሉንም እኩል አይደግፍም። ድንገተኛው ሙቀት፣ የደም መዛባትና የብልት ድርቀት ከሆርሞኑ ጋር ያላቸው ትስስር ጠንካራ ነው። ከሦስቱ የብልት ድርቀት ይለያል፤ ሙቀቱ በጊዜው ሲያልፍ ድርቀቱና ከሱ ጋር የሚመጣው የሽንት ማቃጠል ካልታከመ እየባሰ ይሄዳል። ስለዚህኛው በግልጽ የሚነገረው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ሐኪምም ካልጠየቀ ሴትየዋ አታነሳውም። በብልት ውስጥ የሚደረገው አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን ግን በደንብ ይሠራል፤ ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው።

እንቅልፍ፣ ስሜትና ማስታወስ ሁለተኛ ምድብ ናቸው። ጥናቶች ሲጠቃለሉ በመሸጋገሪያው ላይ ያሉ ሴቶች የድባቴ ምልክት የሚታይባቸው ከዚያ በፊት ካሉት በ40 በመቶ ገደማ በበለጠ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ምንም ድባቴ ሳይነካቸው ያልፋሉ። ቀድሞ ድባቴ የነበረባቸውና በዚያው ወቅት ሐዘን ወይም የኑሮ ፈተና የገጠማቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሌሊት በላብ የምትነቃ ሴት ቀን ብትነጫነጭ የሆርሞኑን ድርሻ ከእንቅልፍ ማጣቱ ለመለየት ይከብዳል። ስለ መርሳት ደግሞ ስዋን በ2009 የሚያጽናና ነገር አገኘ፤ በመሸጋገሪያው የመማር ፍጥነት ጥቂት ይቀንስና ካረጡ በኋላ ይመለሳል። ስም መርሳትን የመዘንጋት በሽታ መጀመሪያ አድርጎ መስጋት አያስፈልግም።

ውፍረትስ? ክብደት መጨመሩ በአብዛኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ስቡ ከዳሌ ወደ ሆድ መዞሩ ግን የሆርሞን እጅ አለበት። አጥንት ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ ከመጨረሻው የወር አበባ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በፍጥነት መሳሳት ይጀምራል።

የየውብዳር በየነ ጥያቄ

ማረጥ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ነው ወይ ብለው በቅርብ ካጠኑት ቀዳሚዎች አንዷ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አንትሮፖሎጂስት የውብዳር በየነ ናት። በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ የሜክሲኮ ዩካታን የማያ ገበሬ ሴቶችን ከግሪኳ የኤቪያ ደሴት ሴቶች ጋር አነጻጸረች። የግሪኮቹ ሙቀቱን ያውቁታል፤ ግን የሚያልፍ ነገር ነው ብለው ሐኪም ዘንድ አይሄዱበትም። የማያዎቹ ጭራሽ ሙቀት የሚባል ነገር አልነገሯትም። ማረጥንም በደስታ ነበር የሚጠብቁት፤ ከወር አበባ ጋር ከተያያዘው ክልከላና ከመውለድ ነጻ ያወጣቸዋልና።

ይህን የእኛ አንባቢ ለመረዳት አይቸገርም። በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ መቅደስ የማትገባ ኦርቶዶክሳዊት፣ ወይም በጎንደር መንደሮች ወደ መርገም ጎጆ ትወጣ የነበረች ቤተ እስራኤላዊት፣ የደሙ መቆም ምን እንደሚከፍትላት ታውቃለች። የመሸጋገሪያው ጣጣ ደግሞ እዚሁ ላይ ነው፤ ደሙ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ክልከላው ከመላላቱ በፊት ይጠብቃል።

የማያዎቹ ዝምታ የባህል ነው ወይስ የአካል? በ1993 የታተመ ጥናት ሆርሞናቸውን ሲለካ ለውጡ ከአሜሪካውያን ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ የአጥንታቸው መሳሳትም እንዲሁ። ሙቀቱ ግን የለም። የውብዳር አመጋገብን፣ ብዙ መውለድንና ረጅም ጡት ማጥባትን እንደ ምክንያት አንስታለች። በዚያው ዓመት አንትሮፖሎጂስቷ ማርጋሬት ሎክ ጃፓናውያት ከሰሜን አሜሪካ ሴቶች ይልቅ ሙቀቱን እጅግ አሳንሰው እንደሚናገሩ፣ ይልቁንም ስለ ትከሻ መገታተር እንደሚያማርሩ ጻፈች። በሌላ በኩል በሃዋይዋ ሂሎ ከተማ ተሠርቶ በ2009 የወጣ ጥናት ላብን በመሣሪያ ሲለካ የጃፓን ዝርያ ባላቸውና በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው መካከል ልዩነት አላገኘም። ይህ ሁሉንም አይፈታም፤ ሆኖም አለመናገርን አለመታመም አድርጎ ከመውሰድ ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ክሊኒክ ውስጥ ስለ ማረጥ የምታማርር ሴት ጥቂት ብትሆን ያልተጠየቀች ልትሆን ትችላለች።

ሆርሞን፦ ከ2002 ወዲህ

በሐምሌ 2002 ደብሊውኤችአይ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ሙከራ በከፊል ተቋረጠ። 16,608 ያረጡ ሴቶች ከፊሎቹ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን፣ ከፊሎቹ ማስመሰያ ክኒን ሲወስዱ ነበር። ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክ፣ 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም ታየ፤ የዳሌ ስብራት በ5፣ የአንጀት ካንሰር በ6 ቀነሰ። ዜናው በየአገሩ ተናኘ፤ ሚሊዮኖች ክኒናቸውን ጣሉ።

የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበረ ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው። ገና የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ሙከራው ውስጥ አልነበሩም። ኋላ ላይ ውጤቱ በዕድሜ ሲተነተን ከ60 በታች የሆኑት የደረሰባቸው ጉዳት ያነሰ ነበር። በ2016 የወጣው ኢላይት የተባለ ሙከራ ደግሞ ካረጡ ስድስት ዓመት ባልሞላቸው ሴቶች ላይ ኢስትሮጅን የደም ሥር ግድግዳ መወፈርን እንዳዘገየ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በጀመሩት ላይ ግን ምንም እንዳልረዳ አሳየ። ከዚህ ተነስተው አብዛኞቹ መመሪያዎች ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት፣ የሚከለክል ሕመም ለሌለባትና ሙቀቱ ላስቸገራት ሴት ጥቅሙ ያመዝናል ይላሉ። ልብን ለመከላከል ብቻ ተብሎ ግን አይመከርም።

የጡት ካንሰሩ ጥያቄ አልተዘጋም። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የ58 ጥናቶች ትንተና እንዳሰላው፣ በ50 ዓመታቸው ጀምረው ኢስትሮጅንን ከዕለታዊ ፕሮጄስቲን ጋር ለአምስት ዓመት ከሚወስዱ 50 ሴቶች አንዷ ባትወስደው የማይይዛት የጡት ካንሰር ይይዛታል፤ ኢስትሮጅን ብቻ ከሆነ ከ200 አንዷ። በደብሊውኤችአይ ውስጥ ማህፀናቸው የወጣላቸውና ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ግን የጡት ካንሰራቸው ቀንሶ ነው የተገኘው። ሁለቱ ውጤቶች እስካሁን አልታረቁም። በቆዳ የሚለጠፈው ኢስትሮጅን እንደ ክኒኑ ደም አያረጋም፣ ተፈጥሯዊው ፕሮጄስትሮንም ለጡት ይሻላል የሚባለው ዕጣ ተጥሎ ከተከፋፈሉ ሙከራዎች ሳይሆን ከክትትል ጥናቶች የተገኘ ነው፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያውን አብዛኛው ሐኪም ይቀበለዋል።

ገና የወር አበባ ለምታየው ሴት ሒሳቡ ሌላ ነው። እሷ ማርገዝ ትችላለች፤ ለማረጥ የሚታዘዘው ሆርሞን ደግሞ እርግዝና አይከላከልም። ከ50 ዓመት በታች ከሆነች ደሟ ከቆመ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ ከሆነች አንድ ዓመት እስኪሞላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ደሟ ከበዛ ሆርሞን ያለው ሉፕ ደሙን ይቀንሳል፣ እርግዝናን ይከላከላል፣ የማህፀኑን ሽፋንም ይጠብቃል፤ ለሙቀቱ በቆዳ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን ቢጨመርበት በእኔ ግምት ለዚህ ዕድሜ ከሁሉ የተሻለ የታሰበበት ጥምረት ይኸው ነው። አጫሽ ላልሆነች፣ ደም ግፊትና ማይግሬን ለሌለባት ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒን ራሱ መዋዠቁን ያረጋጋል። ፕራየር ከዚህ ተለይታ ፕሮጄስትሮን ብቻውን ይሰጥ ትላለች። በ2023 ያሳተመችው የ189 ሴቶች ሙከራ በዋናው መለኪያ ከማስመሰያው የጎላ ልዩነት አላሳየም፤ ሴቶቹ ግን የሌሊት ላባቸው እንደቀነሰና እንቅልፋቸው እንደተሻሻለ ተናግረዋል። ደጋፊዎቿ ሁለተኛውን፣ ተቃዋሚዎቿ የመጀመሪያውን ይጠቅሳሉ።

ሆርሞን ለማትወስድ ሴት

የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር በ2023 ባወጣው አቋም በማስረጃ የደገፋቸው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን፣ ሕክምናዊ ሂፕኖሲስን፣ ክብደት መቀነስን፣ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችን፣ ጋባፔንቲንንና ኦክሲቡቲኒንን ነው። በዚያው ዓመት የተፈቀደው ፌዞሊኔታንት የተባለ መድኃኒት ራንስ ያጠናቻቸውን ነርቮች የሚያረጋጋ ነው፤ በ2024 መጨረሻ ግን ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት። ቡናና በርበሬ መተው፣ ስፖርት፣ ዮጋና አኩሪ አተር ለሙቀቱ በቂ ማስረጃ አልተገኘላቸውም። ስፖርት ለአጥንት፣ ለልብና ለስሜት ያለው ጥቅም ግን የማያጠያይቅ ነው።

ተልባ ለብቻው ይነሳ፤ በጾም ገበታችን ላይ ቦታ አለውና። ኢስትሮጅን የሚመስል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ስላለበት ይረዳል ተብሎ 188 ሴቶች ለስድስት ሳምንት ተሞከረባቸው፤ ገሚሶቹ ተልባ ያለበት፣ ገሚሶቹ የሌለበት ምግብ ይበላሉ። ከሁለቱም ወገን ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሙቀታቸው በግማሽ ቀነሰ። ተልባው ከማስመሰያው አልበለጠም። ጎረቤት ምሎ የሚመሰክርለት ቅጠልና ሻይ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሠራ የሚመስለው በዚህ መንገድ ነው። እፎይታው የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የመጣው ከቅጠሉ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ምርመራ ክፍል ውስጥ

ለአገራችን ሐኪም ትልቁ ጥንቃቄ ነገሩን ቶሎ ማረጥ ነው ብሎ አለመዝጋት ነው። የሌሊት ላብ በለንደን ብዙ ጊዜ የማረጥ ምልክት ተደርጎ ይወሰድ ይሆናል፤ ቲቢ በተንሰራፋበት አገር ግን ሳል፣ ክብደት መቀነስና ትኩሳት አብሮ መጠየቅ፣ ኤችአይቪም መመርመር አለበት። የልብ ምት መፍጠንና መንቀጥቀጥ ካለ የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላል። የበዛ ደም ማዮማ ከተባለው የማህፀን ዕጢ ሊመጣ ይችላል፤ ድካምና ማዞሩ ደግሞ ከሆርሞን ሳይሆን ከደም ማነስ፣ መፍትሔውም የብረት ክኒን ሊሆን ይችላል። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ወይም 12 ወር ቆሞ የተመለሰ ደም፣ በዕድሜ ተሳብቦ የሚታለፍ አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚዛባ ደም ደግሞ ይደብቀዋል።

አሁን ያለው ክርክር

በ2024 ላንሴት ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች ማረጥ ከልክ በላይ የበሽታ መልክ ተሰጥቶታል፣ ሴቶች መረጃና ድጋፍ እንጂ ማስፈራሪያ አያስፈልጋቸውም ተባለ። ብዙ ሐኪሞችና ሴቶች ተቆጥተው መለሱ፦ ለሃያ ዓመት በ2002ቱ ፍርሃት ሕክምና የተነፈጉ ሴቶች ባሉበት ችግሩ ከልክ በላይ መታከም ነው ወይ? ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። የተለያየች ሴት በዓይነ ሕሊናቸው ይዘው ስለሚከራከሩ ግን አይገናኙም።

በኅዳር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በሆርሞን መድኃኒቶች ላይ የነበረው ስለ ልብ፣ ስለ ጡት ካንሰርና ስለ መዘንጋት በሽታ የሚያስጠነቅቅ ጥቁር ሣጥን እንዲነሳ ወሰነ፤ ኢስትሮጅንን ብቻውን መውሰድ በማህፀን ሽፋን ላይ ስለሚያስከትለው ካንሰር የሚያስጠነቅቀው እንዲቀር ሆነ። ለብልት ድርቀት በሚደረገው አነስተኛ መጠን ላይ ያንን ሣጥን መለጠፍ ከመጀመሪያውም ተገቢ አልነበረም፤ እዚያ ላይ ውሳኔው ዘግይቷል። ስለ ሌሎቹ ግን ተጨማሪ የጡት ካንሰር አደጋን ከሚያሳየው የ2019 ትንተና ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ተቺዎች ይጠይቃሉ።

መሸጋገሪያው ላይ ላለችው ሴት ይህም ቢሆን ካረጡት የተቀዳ ፍርድ ነው። ድባቴን በሚመለከት አንድ ፍንጭ አለ፤ በ2018 በወጣ ሙከራ 172 ሴቶች፣ ከፊሎቹ መሸጋገሪያው ላይ ያሉ፣ ለአንድ ዓመት ሲታዩ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ከወሰዱት 17 በመቶ፣ ካልወሰዱት 32 በመቶ ያህሉ የጎላ የድባቴ ምልክት ታየባቸው። ለመከላከያነት እንዲታዘዝ ግን አንድ ሙከራ አይበቃም። በ45 ወይም በ46 ዓመት፣ ሆርሞኑ ገና እየዘለለ ሳለ ኢስትሮጅን የጀመረች ሴት በ65 ዓመቷ ልቧ፣ ጡቷና አጥንቷ ምን እንደሚሆኑ የደብሊውኤችአይን ያህል ስፋት ያለው ሙከራ አልተደረገም።